አድርሶ ይመልስህ

ግንቦት 11 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ። ከጎጃም መንገድ ወደ ቀኝ ተገንጥለን ወደ ደብረ ሊባኖስ የሚያወርደውን ቁልቁለት ጀምረናል። ጋሼ ድንገት ቆሙና ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ተደግፈው «ያውላችሁ» አሉ። ከገደሉ ሥር፣ ከዛፎቹ መሀል፣ ጉልላቱ ብቅ ብሏል። እትዬ ነጠላቸውን አጣፍተው መሬት ላይ ተደፉ፤ አፈሩን ሳሙት፤ እልልታቸው ከገደሉ ማዶ ተመልሶ መጣ። ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው ዝም አሉ። እንባቸው ሪዛቸው ላይ ይወርዳል።

እኔ ደርቄ ቀረሁ። ለዚያች ደቂቃ ስል 23 ቀን በእግሬ ተጉዣለሁ። ጉልላቱን ሳይ እንደማለቅስ፣ እንደምንበረከክ፣ ከትከሻዬ አንድ ነገር እንደሚወርድልኝ መንገድ ላይ ስንት ሌሊት አስቤዋለሁ። የመጣብኝ ግን ፍርሃት ነበር። ነገ ጠዋት ስነሣ ወዴት ነው የምሄደው?

እግሬ ልማድ አበጅቶ ነበር። ሌሊት 11 ሰዓት ሲሆን ከእኔ ቀድሞ ይነቃል። ምን እንደሚበላ፣ የት እንደሚታደር አላውቅም፤ ወዴት እንደምሄድ ግን አንድም ቀን ተጠራጥሬ አላውቅም። ያ ርግጠኝነት እዚያ ቁልቁለት ላይ አለቀ። ስለ ተሳላሚነት የሰማሁት ወሬ ሁሉ ስለ መሄድና ስለ መድረስ ነበር። ከደረሱ በኋላ ስላለው ነገር የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ወይም ነግረውኝ አልሰማሁም። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ስለዚያ ነው።

ከጅማ ስንወጣ ሦስት ነበርን። ጋሼ ጡረታ የወጡ ሹፌር ናቸው፤ የጅማን መንገድ ከ30 ዓመት በላይ በአውቶቡስም፣ ቡና በጫነ መኪናም ተመላልሰውበታል። እትዬ ሰፈራችን ውስጥ እንጀራ እየጋገሩ ሦስት ልጆች ያሳደጉ ሴት ናቸው፤ ለጻድቁ ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት የተሳሉትን ዣንጥላ በላስቲክ ጠቅልለው ጀርባቸው ላይ አስረው ነው የሄዱት። እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ደብዳቤ የማመላልስ ሰው ነኝ። የሁለት ዓመት ፈቃዴን አጠራቅሜ ነበር የወጣሁት።

ስለቱ የእናቴ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ታይፎይድ ታምሜ ሳለ፣ ሐኪሙም ተስፋ ሲቆርጥ፣ «ልጄን ብታድንልኝ በእግሬ ደብረ ሊባኖስ ድረስ መጥቼ እሳለምሃለሁ» ብላ ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት ተሳለች። ዳንኩ። እሷ ግን አልሄደችም። አባቴ ሞተ፣ ታናናሾቼ ነበሩ፣ ኑሮ ነበር። «ዘንድሮ» እያለች ሠላሳ ዓመት ገደማ አለፈ። በ2008 ግራ ጎኗን ሽባ ያደረገ ሕመም መታትና ከዚያ ወዲህ ከአልጋ እስከ በረንዳ በሰው ትከሻ ነው። አንድ ቀን ማታ እግሯን እያሸሁላት ሳለ «ጻድቁ እኮ በአንድ እግራቸው ቆመው ጸልየዋል። የኔን እግር ያውቁታል። የማያውቁት ቃሌን ለምን እንደበላሁ ነው» አለችኝ። ገድላቸው አንድ እግራቸው ተሰብሮ እስኪወድቅ ድረስ እንደቆሙ፣ ከዚያም በቀረው እግር ሰባት ዓመት እንደጸለዩ ይናገራል። የንስሐ አባታችንን ጠየቅኳቸው። ልጅ የእናቱን ስለት ቢያደርስላት ምንም ነውር የለበትም አሉኝ።

ሚያዝያ 19 ቀን ማለዳ በራችን ላይ ሰፈሩ ተሰብስቦ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት አንዳንድ ሰው እየመጣ የክርስትና ስሙን አስመዝግቦኛል፤ ወለተ ሥላሴ፣ ኃይለ ማርያም፣ ገብረ መድኅን። አንዳንዱ ጧፍ፣ አንዳንዱ ዕጣን፣ አንዳንዱ አሥር ብር ይዞ ነው የመጣው። ባለ 50 ሉክ ደብተር ላይ 40 ስም ጻፍኩ። 41ኛዋ የጎረቤታችን ሐጅያ ናቸው። እናቴና እሳቸው ከአንድ ጀበና ቡና ሲጠጡ ኖረዋል። ሐጅያ ዳር ጎተቱኝና «ለዚያ ለጻድቃችሁ የልጄን ነገር ንገርልኝ» አሉኝ። ልጃቸው በሱዳን አድርጎ ወደ ሊቢያ ከወጣ በኋላ ድምፁ ከጠፋ 11 ወሩ ነበር። የክርስትና ስም ስለሌለ ደብተሩ ላይ «ሐጅያ» ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ የልጁን ስም አስቀመጥኩ።

ያን ጠዋት ሁሉም በየተራ ሲሰናበተኝ የተናገረው አንድ ነገር ነው፤ «አድርሶ ይመልስህ»። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ስለኖርኩ አላዳመጥኩትም። እናቴ ግን በደህናው እጇ አንገቴን ይዛ ሁለት ጊዜ ነበር ያለችው። ሁለተኛውን ስትል «ይመልስህ» የሚለውን ለብቻው አስረዝማ አለችው።

የመንገዱን ሁሉ አልተርክም። ሰርቦ፣ አሰንዳቦ፣ ሶኮሩ፣ ሳጃ፣ አበልቲ፣ ወልቂጤ፣ ወሊሶ፣ ቱሉ ቦሎ፣ ሰበታ፤ ከአዲስ አበባ እንጦጦን አልፎ ሱሉልታ፣ ጫንጮ፣ ሙከጡሪ፣ ደብረ ጽጌ። ጅማ አዲስ አበባ ብቻ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ሌላ መቶ አለ። በዓለ ሃምሳ ስለነበረ ረቡዕም ዓርብም ጾም የለም፤ እናቴ ያስያዘችኝ ጭኮ እስከ ወሊሶ አደረሰን። አገሩ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ስለነበረ ከደብራችን የተጻፈ የሸኚ ደብዳቤና የቀበሌ መታወቂያችንን በላስቲክ ከደረታችን አስረን ነበር የምንጓዘው። አንድም ሰው አላጉላላንም። አዲስ ስኒከር አድርጌ ወጥቼ እግሬ በሦስተኛው ቀን ውሃ ቋጠረ። እትዬ ማታ ማታ በኩራዝ ብርሃን መርፌ በእሳት እያጋሉ፣ ክር አሳልፈውበት፣ ክሩን እዚያው ይተዉታል። ሌሊቱን ውሃው በክሩ እየተንጠባጠበ ያልቃል፤ ቆዳው ግን ሳይገፈፍ እዚያው ይጠግጋል። ወልቂጤ ስደርስ ስኒከሩን ለአንድ እረኛ ሰጥቼ በረባሶ ገዛሁ። ከዚያ በኋላ አልታመምኩም።

ማለፍ የማልችለው የጊቤን ቁልቁለት ነው። ከአበልቲ በኩል ወደ ድልድዩ ሲወረድ ደጋው በአንድ ጠዋት ቆላ ይሆናል፤ አየሩ እንደ ምጣድ ይተነፍሳል። ጋሼ እዚያ አንድ ኩርባ ላይ ቁጭ አሉና «እዚህ ቦታ ነው» አሉ። ወጣት ሹፌር ሳሉ፣ በክረምት ሌሊት፣ ቡና ጭነው ሲወርዱ፣ በመብራታቸው ውስጥ ነጭ የለበሱ መንገደኞች አዩ። አሮጊት፣ ልጅ ያዘለች ሴት፣ አንድ ሽማግሌ። እጃቸውን ዘረጉ። ጋሼ ቸኩለው ነበር። በኩሬ ውስጥ አለፉና ጭቃው ነጩን ልብስ ሲያለብሰው በስፖኪዮ አዩት። «ወዴት እንደሚሄዱ እንኳ አልጠየቅኩም» አሉ። ከዚያ ወዲህ በዚያች ኩርባ ያለፉ ቁጥር ፍጥነታቸውን ይቀንሱ ነበር፤ የቆመ ሰው ግን ዳግመኛ አላገኙም። ለጉዞው የተነሡት ስለዚህ እንደሆነ እስከዚያች ቀን አልነገሩንም።

ማታ ማታ ማደሪያ ስንጠይቅ እትዬ ናቸው የሚቀድሙት። «ቤቶች! የመሸብን የእግዚአብሔር እንግዶች ነን።» ከውስጥ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግቡ» ይላል። በኦሮምኛ የመለሱልን ብዙዎች ነበሩ፤ ጉራጌ ቤት አድረናል፣ የም ቤት አድረናል፣ ከሰላት የተነሡ ሽማግሌ መደባቸውን ለቀውልን በምንጣፋቸው ላይ ተኝተዋል። ጠዋት ስንወጣ ኦሮምኛ የሚናገሩት «ነጋን ገላ» ይሉናል። እኔ ጅማ ተወልጄ ያደግሁ ነኝና ቃሉን አውቀዋለሁ፤ በሰላም ግቡ ማለት ነው፣ ወደ ቤታችሁ። በአማርኛውም «በሰላም ያግባችሁ» ነው የሚሉን። ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ገና ይቀረናል፤ እነሱ ግን ከፊታችን ያለውን ገዳም ዘለው ስለ ቤታችን ነው የሚመርቁን። ያኔ ልማድ ነው ብዬ አለፍኩት።

ወደ ገዳሙ ልመለስ።

የግንቦት 12 ዋዜማ ሌሊት ደብረ ሊባኖስ ሜዳው፣ ገደሉ፣ የመቃብሩ ሥር፣ ሁሉ ሰው ነው። የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐፅም በዚያ ቀን ይከበራል፤ ጻድቁ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያቆሙት ገዳም መጀመሪያ ደብረ አስቦ ይባል ነበር፣ ደብረ ሊባኖስ ያሉት በኋላ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው። እትዬ ዣንጥላቸውን ከላስቲኩ አውጥተው ሲዘረጉት ቀዩ ሐር አንዲት መጨማደድ አልነበረባትም። የጊቤ ሙቀትና የእንጦጦ ዝናብ ያልነካው ከእኛ ውስጥ እሱ ብቻ ነበር። ለዲያቆኑ ሲያስረክቡት እጃቸው አልለቅ አለ።

እኔ ደብተሬን ይዤ ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ጥግ ተንበረከክሁ። ስሞቹን ድምፅ አውጥቼ አንድ በአንድ ጠራሁ። ቶሎ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። አንዱን ስም ስጠራ የባለቤቱ ፊት ይመጣል፤ ፊቱ ሲመጣ ያለኝ ነገር ይመጣል፤ ይህ ሰው ከባንክ ዕዳ፣ ያች ልጅ ከፈተና፣ ይህ ከአባቱ ጋር ከተጣላ ስድስት ዓመቱ። 41ኛዋ ላይ ቆምኩ። አጠገቤ ግድግዳውን ተደግፈው መቁጠሪያ የሚቆጥሩ አንድ አዛውንት መነኩሴ ነበሩ፤ ከማዶ ደግሞ ልጇን ታቅፋ ያንቀላፋች ሴት። «አባቴ፣ የክርስትና ስም የሌላቸው እናት አደራ ሰጥተውኛል፣ ምን ብዬ ልጥራ?» አልኳቸው። «ምን ብለው ነው የሚጠሯቸው?» አሉ። ነገርኳቸው። «እንግዲያ እንዲሁ ጥራ። የልጁንም ጥራ። ጮክ በል፣ እኔም ልስማው።» ጠራሁ። አባ ስሙን ከእኔ ተቀብለው ደገሙት፤ የኦሮምኛ ቃና ያለውን የእስላም ስም፣ እዚያ ግድግዳ ሥር፣ በዝግታ። መቁጠሪያቸውን ግን አላቆሙም።

ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት።

የበዓሉ ማግስት ግንቦት 13 ነበር፤ እሑድ። በዓሉ አልፎ ሰው መጠቅለል ጀምሯል። ያን ቀን ገዳሙ ውስጥ የሚቆይ ሰው ሌላ ግንቦት 13 ማሰቡ አይቀርም። በ1929 ዓ.ም. ለዚሁ በዓል፣ በእነዚሁ መንገዶች፣ እንደኛው ስንቃቸውን ቋጥረው የመጡ ሰዎች እዚሁ ተከበቡ። የጣሊያኑ እንደራሴ ግራዚያኒ በየካቲት 12 አዲስ አበባ ላይ ቦምብ ከተወረወረበት ወዲህ መነኮሳቱን በተባባሪነት ወንጅሎ ነበር፤ ትእዛዙን ጄኔራል ማሌቲ ፈጸመው። ግንቦት 13 ቀን በጭነት መኪና እያመላለሱ ፍቼ አጠገብ ላጋ ወልዴ በሚባለው ቦታ በመትረየስ ረሸኗቸው። ጣሊያኖቹ ወደ ሮም ያስተላለፉት ቁጥር 297 መነኮሳትና 23 ሌሎች ሰዎች ይላል፤ ከቀናት በኋላ 129 ዲያቆናት ተጨመሩ። ቆይተው ጉዳዩን ያጠኑ ሰዎች የሟቾቹን ብዛት ከ1,400 እስከ 2,000 ያደርሱታል።

እኛ የተቀመጥንበት ዓመት ልክ 80ኛው ነበር። ታሪኩን በንባብ አውቀው ነበር፤ ያወቅኩት ግን የገዳምና የመነኮሳት ታሪክ አድርጌ ነው። እዚያ አፈር ላይ ጀሪካን አቅፌ ተቀምጬ ሳስበው ያልተመለሱ ተሳላሚዎች ታሪክ ሆነብኝ። እነዚያም ከቤታቸው ሲወጡ በራቸው ላይ የቆመ ሰው ነበር። «አድርሶ ይመልስህ» ያለቻቸው እናት ነበረች። ምርቃቱ በግማሹ ቀረ። በሰኔም በሐምሌም መንገድ መንገዱን ስታይ የከረመች ሴት ስንት ናት?

የአማርኛ መምህራችን አንድ ቀን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ቦዝ አንቀጽና ማሰሪያ አንቀጽን ሲያስተምሩን «ቦዝ አንቀጽ ብቻውን አይቆምም፣ ሰው ‹በልቶ› ብሎ ዝም ቢልህ ‹እሺ፣ ከዚያስ?› ትለዋለህ» ይሉ ነበር። ያ ትምህርት በስንት ዘመኑ እዚያ ገዳም መጣልኝ። «አድርሶ» ቦዝ ነው። ነገሩን የሚያስረው «ይመልስህ» ነው። እናቴ አስረዝማ የጠራችው፣ የመንገዱ ሰዎች ሁሉ በየቋንቋቸው የመረቁን እሱን ነበር። እኔ 23 ቀን ሙሉ ቦዙን ማሰሪያ አድርጌ ስሄድ ከርሜ፣ ደርሼ ዓረፍተ ነገሩ እንዳላለቀ ሳይ ደነገጥኩ።

ከዚያ በኋላ ፍርሃቱ ለቀቀኝ ማለት አይደለም። ግን እጄ ሥራ አገኘ።

መጀመሪያ ጸበሉ። ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ጻድቁ የጸለዩበት ዋሻ ጋ ሰልፉ ረጅም ነው። ባለ 5 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ይዤ ነበር። እትዬ ሦስት ጊዜ በትንሽ በትንሹ አስለቀለቁኝ፤ የዘይት ሽታ ከቀረበት ሰው እንዴት ይጠጣዋል ብለው። እስከ አፉ አልሞላነውም፣ መኪና ላይ ሲሞቅ ይገፋልና አንድ ጣት ያህል አጎደልን። ክዳኑን ከዘጋን በኋላ ፌስታል አልብሰው በሲባጎ ጠፈሩት፤ ቋጠሮውን በጥርሳቸው አጠበቁት። «እናትህ ራሷ ትፍታው። መንገድ ላይ ማንም እንዳይፈታው» አሉኝ።

ቀጥሎ እምነቱ። ከደብተሬ መጨረሻ ያልተጻፈባቸውን ሉኮች ቀድጄ በአራት በአራት ቆራረጥኩ። ጋሼ ወረቀቱን እንደ መድኃኒት ፓኬት አጠፉልኝ፤ የሹፌር ጣት ወፍራም ነው፣ ግን እንዴት ያለ ጥንቃቄ! በእያንዳንዱ ላይ አንድ ቁንጥር እምነት፣ ከላዩ ስም። 41 ቋጠሮ እስኪያልቅ ፀሐይ ዞረች። ስሞቹን አሁን ለሁለተኛ ጊዜ ነበር የማልፍባቸው። ሌሊት ስጠራቸው ከእኔ ወደ ላይ ነበር የሚሄዱት፤ አሁን ፊታቸውን ወደ ጅማ አዞሩ። ለያንዳንዱ ሰው ምን እንደምነግረው ማሰብ ጀመርኩ። ከባንክ ዕዳ ላለበት ሰው «ስምህን ጠርቼልሃለሁ» ከማለት ሌላ ምን አለኝ? በሄድኩበት መንገድ ሰው የፈለገብኝ እግሬን ብቻ ነበር። አሁን አፌም ያስፈልጋል።

ማታ ላይ ጋሼ በእግሬ ነው የምመለሰው አሉ። የድሮ ሰው እንዲያ ነበር፣ ሄዶም ተመልሶም በእግሩ፤ እሳቸው ደግሞ የሚመለሱበት ኩርባ አላቸው። ልቤ ከሳቸው ጋር ነበር። በእግር ብመለስ ያች የጠዋት ርግጠኝነቴ ሌላ 23 ቀን ትቆይልኛለች። ግን ፈቃዴ አልቋል፣ ክረምቱ ደርሷል፣ እናቴ አልጋ ላይ ናት። እትዬ ናቸው የቆረጡልን፤ «ጋሼ፣ እርስዎ መንገዱን ናፍቀው ነው እንጂ ስለትዎ ደርሷል። የሚጠብቅዎት ሰው ሳለ መንገድ አይናፈቅም።» ጋሼ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉና «እሺ፣ ግን ከፊት መስኮት አጠገብ ነው የምቀመጠው» አሉ።

ግንቦት 15 ቀን ከአዲስ አበባ ማለዳ ተነሣን። በዚያ አውቶቡስ ውስጥ ያየሁትን ያህል በሕይወቴ ምንም በመስኮት አላየሁም። የሁለት ቀን መንገዳችን በአንድ ዘፈን ያልቃል። ሰበታ፣ ቱሉ ቦሎ። ያ ዋርካ፣ ሥሩ የተኛንበት፤ ብቅ ብሎ ጠፋ። ቆሎ በነጠላችን የቋጠረችልን ሴት በር ላይ ልብስ ተሰጥቷል፤ የሷ ቀሚስ መሆኑን አውቄዋለሁ። «እዚህ!» ልል አፌን እከፍታለሁ፣ ቦታው ከኋላ ቀርቷል። ተሳፋሪው ሁሉ ይተኛል ወይ ስልኩን ያያል። ጋሼ ከፊት ተቀምጠው በየኩርባው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሠላሳ ዓመት የነዱትን መንገድ አሁን ድንጋይ ድንጋዩን ያውቁታል።

ጊቤ ስንደርስ ዝናብ ጥሎ አቁሟል። ድልድዩን ተሻግረን ዳገቱን ስንጀምር ጋሼ ተነሥተው ወደ ሹፌሩ ጎንበስ አሉ። የሚሉት አይሰማኝም። አውቶቡሱ ፍጥነቱን ቀነሰ። በመንገዱ ዳር አንዲት እንጨት የተሸከመች ልጅ ነበረች፤ ከፊቷ ኩሬ አለ። ቀስ ብለን አለፍናት። ጋሼ ዞረው በኋላ መስታወት አዩዋት። ከዚያ ተቀመጡ፣ ባርኔጣቸውንም ዓይናቸው ላይ ሳብ አደረጉና እስከ አሰንዳቦ ተኙ።

ጅማ ስንገባ 9 ሰዓት ነበር፤ አዌቱ ሞልቶ ቀይ ሆኖ ይወርዳል። ከመናኸሪያ እስከ ቤት በባጃጅ መሄድ እችል ነበር። ጀሪካኑን ትከሻዬ ላይ አድርጌ በእግሬ ሄድኩ።

እናቴን በረንዳው ላይ በርጩማዋ ላይ አስቀምጠዋት ነበር። ስታየኝ አልጮኸችም። «መጣህ» አለች። ከዚያ ታናሽ እኅቴን ለብ ያለ ውሃና ሳፋ አምጪ አለቻት። «ማዬ፣ እኔ እታጠባለሁ» ብል አልሰማችም። በረባሶውን ፈታሁ። በደህናው እጇ እግሬን ይዛ ማጠብ ጀመረች፤ ግራ እጇ ጉልበቷ ላይ እንዳለ ነው። ተረከዜ ላይ እትዬ ክር ያሳለፉበት ቦታ ጠጥሮ እንደ ቡና ፍሬ ሆኖ ነበር። አውራ ጣቷ እዚያ ላይ ደረሰና ቆመ። ዙሪያውን ዳሰሰችው፣ እየደጋገመች። «ይኼ የኔ ነበር» አለች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ሳመችው። የጀሪካኑን ሲባጎ በጥርሷ ፈታችው።

ሐጅያ የመጡት ማታ ነው፣ ሰው ከተበተነ በኋላ። የቋጠርኩላቸውን እምነት በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ከወገባቸው መቀነት ውስጥ አንዲት የተቋጠረች አሮጌ ጨርቅ አወጡና ፈቱልኝ፤ ነጭ አፈር ነበረች። ልጅ ሳሉ ከአባታቸው ጋር በእግር ባሌ ድሬ ሼክ ሁሴን ድረስ ሄደው፣ አባታቸው ባለ ሁለት ቀንድ የዑሌ በትራቸውን ይዘው፣ ያመጧት ናት። «ስንመለስ እናቴ እንዲሁ እግራችንን አጠበችን» አሉ። የኔን ቋጠሮ ከነወረቀቱ ከአፈሩ ጎን አስቀመጡና ጨርቁን መልሰው ቋጠሩት።

ከልጃቸው ያን ቀንም ወሬ አልነበረም። የምነግራቸው ምን እንዳለኝ በአውቶቡስ ስጨነቅበት የመጣሁት ከማንም በላይ ለሳቸው ነበር።

«ስሙን ስትጠራ ማን ሰማህ?» አሉኝ።

መቁጠሪያ የያዙትን አባ ነገርኳቸው። ጮክ በል ማለታቸውን፣ ስሙን ተቀብለው መድገማቸውን፣ ልጇን ታቅፋ ያንቀላፋችውን ሴት፣ ግድግዳው ቀዝቃዛ እንደነበር።

«እስቲ አባ እንዴት ብለው ነው የጠሩት?»

ጠራሁላቸው፣ አባ እንደጠሩት፣ በዝግታ።

ሐጅያ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። «እንደገና ከመጀመሪያው ንገረኝ» አሉ። እንደገና ከመጀመሪያው ነገርኳቸው።